የምህንድስና ተማሪ ሲቪ፦ «ተሳትፌአለሁ» የሚለውን ቃል በምን እንተካው?

ዲፖ_ሰፈር · እሑድ፣ ማታ 2፡15
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ የሜካኒካል 5ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ሰኔ 2018 እመረቃለሁ። በዜሮ ዓመት ለሚወጡ ማስታወቂያዎች ሲቪ እያዘጋጀሁ ስለሆነ ያለ ይሉኝታ አርሙልኝ። ዋናው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ ለመነጋገር እንዲመቸን ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ።

ዓላማ፦ ፈታኝና ተለዋዋጭ በሆነ የሥራ አካባቢ እውቀቴን ለድርጅቱ ዕድገት ማበርከት።
ኢንተርንሺፕ፦ በብረታ ብረት ወርክሾፕ 4 ወር፤ በማሽን፣ በብየዳና በጥገና ሥራ ላይ ተሳትፌአለሁ።
የመመረቂያ ፕሮጀክት፦ የእምቦጭ ማጨጃ ማሽን ዲዛይን።
ክህሎት፦ ኦቶካድ 85%፣ ሶሊድወርክስ 80%፣ ማትላብ 70%፤ በቡድን መሥራት፣ የሥራ ጫና መቋቋም።

ውጤቴ 2.91 ነው። ልጻፈው ወይስ ልተወው? ከዚህ ሌላ የግል መረጃና የወሰድኳቸው ኮርሶች ዝርዝር አለ፤ በጠቅላላው ሁለት ገጽ ተኩል ሆኗል።

ሽምብጥ · እሑድ፣ ማታ 2፡50
እንኳን ለዚህ አበቃህ ወንድሜ። ከላይ ልጀምርልህ።

«ዓላማ» ያልከውን አንቀጽ አውጣው። ይህ ዐረፍተ ነገር በየጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነው። ለአንድ መደብ ካመለከቱት ብዙዎቹ ቃል በቃል ይዘውት ስለሚመጡ የሚያጣራው ሰው ሳያነበው ያልፈዋል። ገጹ ላይ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፍበትን ቦታ በከንቱ አትስጠው። በእሱ ፋንታ ሁለት መስመር ጻፍ፦ ምን ተማሪ እንደሆንክ፣ መቼ እንደምትመረቅ፣ በእጅህ የምትሠራው ምን እንደሆነና የምታመለክትበትን መደብ። የመደቡን ስም ከማስታወቂያው ላይ እንዳለ ቅዳው። «ጁኒየር የጥገና መሐንዲስ» ካለ አንተም ያንኑ በል እንጂ «ሜካኒካል መሐንዲስ» አትበል። ይህች መስመር ለእያንዳንዱ ማመልከቻ ትለወጣለች።

ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የቤት ቁጥር፣ የእናት ስም ካለበት አንሳው። ሲቪን «ግለ ታሪክ» ብለን ስለምንተረጉመው ይመስለኛል ሰው ከትውልድ ቦታው የሚጀምረው። የልደት ቀን የሚጻፈው ማስታወቂያው የዕድሜ ገደብ ካስቀመጠ ብቻ ነው። ጉርድ ፎቶም ሲጠየቅ ለብቻው ይገባል። የኮርሶችን ዝርዝር ደግሞ ስቱደንት ኮፒው ይናገርልሃል።

አዲስ ተመራቂ ከአንድ ገጽ ማለፍ የለበትም። ኤ4፣ በአራቱም በኩል 2 ሴ.ሜ ኅዳግ፣ የጽሑፉ መጠን 11። ስምና አድራሻ፣ ሁለቱ መስመር፣ ትምህርት፣ ከዚያ ኢንተርንሺፕና ፕሮጀክት፣ ሶፍትዌርና መሣሪያ፣ ሥልጠና ካለ፣ ቋንቋ፣ በመጨረሻ ምስክር የሚሆኑህ ሁለት ሰዎች። ማስታወቂያው ዲዛይን የሚል ከሆነ ፕሮጀክቱ ይቅደም፤ ጥገና ወይም ምርት የሚል ከሆነ ኢንተርንሺፑ ይቅደም።

መቶኛዎቹን ሁሉ ሰርዝ። ሰማንያ በመቶው ከምን ተለክቶ? ምን እንደሠራህበት ጻፍ።

ሰባታሚት · እሑድ፣ ማታ 3፡30
ሽምብጥ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ «ተሳትፌአለሁ» ላይ ልቆይ። ይህ ቃል ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ ያየውን፣ የብረት ፍቅፋቂ የጠረገውንና ዘንጉን ያወጣውን እኩል ያደርጋል። አንባቢው ሦስቱን መለየት ካልቻለ ትንሹን ይገምታል።

በምትኩ ምን እንደሠራህ፣ በምን ማሽን እንደሠራህ፣ ስንት እንደሆነና ልክ መሆኑ በምን እንደተረጋገጠ ጻፍ። በተለይ የመጨረሻው ይረሳል፤ ያየና የሠራ ሰው የሚለየው ግን እዚያ ላይ ነው። «ዘንግ በማሽን አወጣሁ» ማለትና «ለ6205 ቤሪንግ የሚሆን 25 ሚ.ሜ መቀመጫ ያለው ዘንግ አወጣሁ፤ ልኩን በማይክሮሜትር አረጋገጥኩ» ማለት የተለያዩ ናቸው።

ሁለተኛውን የጻፈ ሰው ግን ጥያቄውን ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ፈታኙ «ለምን በካሊፐር አልለካህም?» ይልሃል። የውስጥ ቀለበቱ ከዘንጉ ጋር አብሮ በሚዞርበት ቦታ የተለመደው ልክ ኬ6 (የተፈቀደ የዘንግ ልክ ወሰን መጠሪያ) ነው፤ ለ25 ሚ.ሜ ዘንግ ከ25.002 እስከ 25.015 ሚ.ሜ ማለት ነው። 0.02 ወይም 0.05 ሚ.ሜ የሚያነብ ካሊፐር ይህን ሊለይ አይችልም። ዘንጉ 0.1 ሚ.ሜ ካነሰ የቤሪንጉ የውስጥ ቀለበት ዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ መቀመጫውን ይበላዋል። ይህን መመለስ የማትችል ከሆነ ቁጥሩን አትጻፈው። መመለስ የምትችል ከሆነ ደግሞ አንድ መስመር ብቻውን ለቃለ መጠይቅ ያስጠራሃል።

ሌላ፦ ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ፣ ፍሬዛ፣ ኩሽኔታ የምንለውን በእንግሊዝኛው ሲቪ ላይ ሌዝ፣ ሚሊንግ፣ ቤሪንግ ብለህ ጻፍ። ብየዳም የትኛው እንደሆነ ይለይ፤ በኤሌክትሮድ ነው፣ ሚግ ነው፣ ቲግ ነው? የስንት ሚ.ሜ ላሜራ?

አባይ_ማዶ · እሑድ፣ ማታ 3፡42
ይህ ክር ይቀመጥ። እኔም ነገ የኤሌክትሪክን እጨምራለሁ።

ዲፖ_ሰፈር · ሰኞ፣ ጠዋት 1፡20
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሽ ሰባታሚት፣ እርስዎ ባሉት መሠረት እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

«ለ6205 ቤሪንግ 3 ዘንጎችን ከ30 ሚ.ሜ ክብ ብረት በሌዝ ማሽን አወጣሁ፤ የ25 ሚ.ሜ መቀመጫውን በማይክሮሜትር አረጋገጥኩ።»
«በሰዓት 5 ቶን እምቦጭ ወደ 2 ሜትር ከፍታ የሚያነሳ ተዳፋት ማጓጓዣ ዲዛይን አደረግሁ፤ 2.2 ኪሎዋት ሞተር መረጥኩ፤ 14 ገጽ የማምረቻ ሥዕል በሶሊድወርክስ አዘጋጀሁ።»

ሰባታሚት · ሰኞ፣ ቀን 6፡45
የመጀመሪያው መስመር ደህና ሆኗል። ሁለተኛውን እንደ ፈታኝ ሆኜ ላንብብልህ።

5,000 ኪሎ በሰዓት፣ 2 ሜትር ከፍታ። 5,000 ሲባዛ በ9.81 ሲባዛ በ2፣ ለ3,600 ሰከንድ ሲካፈል 27 ዋት ገደማ ይወጣል። አንተ የጻፍከው 2,200 ዋት ነው፤ ሰማንያ እጥፍ። ቀሪው የት ገባ? የቀበቶው ፍትጊያ፣ የማርሽ ሳጥኑ ብክነት፣ ጭነት እንዳለበት መነሳት ሁሉ ቢደመሩ ይህን ያህል አያደርሱም። መልስ ካለህ መልሱ እዚያው መስመሩ ውስጥ ይግባ። ከሌለህ ከአማካሪህ ጋር ስሌቱን እንደገና እዩት፤ ከሲቪው በፊት ሪፖርቱ ይቃና።

ደግሞ 5 ቶኑ እርጥብ ነው ወይስ ከደረቀ በኋላ? እምቦጭ ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ይህ ካልተገለጸ ቁጥሩ ምንም አይነግርም።

ይህን የምለው ልቀጣህ አይደለም። ጣና ላይ እምቦጭ ከታየ ከዐሥር ዓመት በላይ ስለሆነ በዚህ ርዕስ የሚሠራ የመመረቂያ ፕሮጀክት ብዙ ነው፤ ርዕሱ ብቻውን ከሌላው አይለይህም። የሚለይህ ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸው ነው።

ዲፖ_ሰፈር · ሰኞ፣ ቀን 7፡30
ገባኝ። ሞተሩ ማጓጓዣውን ብቻ አይደለም የሚያዞረው፤ የማጨጃ ምላጩም ከእሱው ነው ኃይል የሚወስደው። አብዛኛው ኃይል ለምላጩ ነው። 5 ቶኑ እርጥብ ክብደት ነው። ማታ አስተካክዬ እመልሰዋለሁ። ፕሮጀክቱን የሠራነው ለአራት ነው፤ «ዲዛይን አደረግሁ» ብዬ ብቻዬን እንደሠራሁት መጻፌ ልክ ነው?

ሰባታሚት · ሰኞ፣ ቀን 7፡45
አይደለም። «በ4 ሰው ቡድን» በልና ያንተን ድርሻ ለይ፦ ማጓጓዣው ያንተ ከሆነ ማጓጓዣው፣ ምላጩ የሌላው ከሆነ የሌላው። አራታችሁም ለአንድ መደብ ልታመለክቱ ትችላላችሁ፤ አራት ሰው «ማሽኑን እኔ ሠራሁት» ካለ አራቱም ይወድቃሉ። ዋናው ነገር ግን እውነቱ ይህ መሆኑ ነው።

ዘንዘልማ · ሰኞ፣ ማታ 1፡05
እኔ ሲቪል ነኝ፤ የጂ+4 ሕንፃ ሳይት ላይ ነበርኩ። ማሽን የለ፣ ዲዛይን የለ፤ ያደረግኩት መቁጠርና መመዝገብ ብቻ ነው። ይህ ይጻፋል?

ቀበሌ_14 · ሰኞ፣ ማታ 1፡40
እህት ዓለም፣ መቁጠርና መመዝገብ የሳይት መሐንዲስ ትልቁ ሥራ ነው እኮ! እንዴት እንደምትጽፊው ላሳይሽ።

ፌሮ ቆጥረሽ ከሆነ፦ «የ24 ኮለኖችን የፌሮ ብዛት፣ ዲያሜትር፣ የስታፋ ርቀትና የኮንክሪት ሽፋን ከሙሌት በፊት ከሥዕሉ ጋር አመሳከርኩ፤ ያገኘሁትን ልዩነት ለሳይት መሐንዲሱ በጽሑፍ አቀረብኩ።» ኮንክሪት ስትመዘግቢ ከነበረ፦ «በ8 ሙሌቶች ስላምፕ ለካሁ፤ 48 ባለ 15 ሴ.ሜ ኪዩብ ናሙና አዘጋጀሁ፤ ከእያንዳንዱ ሙሌት 3 ለ7ኛ፣ 3 ለ28ኛ ቀን።» ስላምፕ ማለት እርጥቡ ኮንክሪት ምን ያህል እንደሚላላ የሚለካበት ነው። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ የራስሽን ከኢንተርንሺፕ መዝገብሽ አውጪ። መዝገቡን ያልጣላችሁ ተማሪዎች ዕድለኞች ናችሁ፤ ሳይት ላይ ያሉትም ማታ ማታ መጠኑን ይጻፉ፤ ከስድስት ወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም። የክፍያ ሰርተፊኬት ለማዘጋጀት መጠን ካወጣሽ ደግሞ በቴክ ኦፍ ሺት (የሥራ መጠን ማስያ ቅጽ) ያወጣሽውን የሥራ ዓይነት ጥቀሺ። ኮንትራክተሮች ከምንም በላይ የሚፈልጉት ያንን ነው።

የሚያስጠይቁ ነገሮችን ልንገርሽ። ኪዩብ ከጻፍሽ «የ7ኛው ቀን ውጤት ከ28ኛው ስንት በመቶ ገደማ ይጠበቃል?» ይሉሻል፤ በተለመደው ሲሚንቶ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ሁለተኛው የሕንፃ ዲዛይን ኮድ ጉዳይ ነው። ብዙ ተማሪ «ሲ-25» እና «ኢኤስ ኢኤን 2015» ብሎ ጎን ለጎን ይጽፋል። «ሲ-25» የድሮው የኢቢሲኤስ 1995 አጠራር ነው፤ 25ቱ የኪዩብ ጥንካሬ ነው። በአዲሱ «ሲ20/25» ተብሎ የሲሊንደሩም የኪዩቡም ይጻፋል። የሠራሽበትን አንዱን ለይተሽ ጻፊ፤ ሁለቱን ቀላቅለሽ ከጻፍሽ ኮዱን ገልጠሽ እንዳላየሽ ያሳብቅብሻል።

ኢታብስም (የሕንፃ መዋቅር መተንተኛ ሶፍትዌር) ስትጽፊ የስንት ፎቅ ሞዴል እንደሠራሽበትና ውጤቱን በእጅ ስሌት አመሳክረሽ እንደሆነ ጨምሪ።

አባይ_ማዶ · ሰኞ፣ ማታ 2፡20
ቃል በገባሁት መሠረት የኤሌክትሪክን። «የትራንስፎርመር ጥገና» አትበሉ። የቮልቴጅ ደረጃውን (15/0.4 ነው ወይስ 33/0.4 ኪሎቮልት)፣ የኪቮአ (የአቅም) መጠኑንና ያደረጋችሁትን ሥራ ጻፉ። በሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ለክታችሁ ከሆነ በስንት ቮልት እንደለካችሁና ስንት ሜጋኦም እንዳነበባችሁ። ፒኤልሲ (ፕሮግራም የሚደረግ የማሽን መቆጣጠሪያ) ካላችሁ ስሪቱንና የስንት ግብዓትና የስንት ውጤት ፕሮግራም እንደሆነ፤ በሲሙሌሽን ብቻ ከሆነ «በሲሙሌሽን» በሉ፤ አያሳፍርም።

ሶፍትዌር ላላችሁ አንድ ነገር ብቻ፦ የጊትሀብ አድራሻችሁን በሌላ ሰው ስልክ ከፍታችሁ ሞክሩት። ሪፖው (ኮዱ የተቀመጠበት ማኅደር) ፕራይቬት ከሆነ ለእናንተ ይከፈታል፣ ለቀጣሪው ግን «ገጹ አልተገኘም» ይላል።

ግሽ_ዓባይ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00
የውጤቱን ጥያቄ ማንም አልመለሰውም። ከ3.00 በታች ከሆነ አለመጻፍ ይሻላል ባይ ነኝ። የውጭ አገር መመሪያዎችም ይህንኑ ነው የሚመክሩት።

ሽምብጥ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡10
በዚህ አልስማማም። እዚህ አገር ማስታወቂያው ራሱ ዝቅተኛ ውጤት ያስቀምጣል፤ ብዙ ጊዜም ለወንድና ለሴት ለየብቻ። የሚያጣራው ሰው ከፊቱ ያለው ቅጽ ላይ «ውጤት» የሚል ዓምድ አለው። ሲቪው ላይ ካላገኘው ወይ ስቱደንት ኮፒውን ይፈልጋል፣ ወይ ወደ ጎን ያደርገዋል። ብዙ ሲቪ በተከመረበት ቀን ወደ ጎን ማድረጉ ይቀለዋል። ስለዚህ «2.91 ከ4.00» ብለህ ጻፍ። ወደ 3.0 ማጠጋጋት አይሞከርም፤ ከስቱደንት ኮፒው ጋር ካልገጠመ ነገሩ ስህተት መሆኑ ቀርቶ ማጭበርበር ይባላል።

የግል ድርጅት ሆኖ ማስታወቂያው ውጤት ካልጠየቀ ግን የግሽ ዓባይ ሐሳብ ያስኬዳል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ስለሆነና ማለፊያውም 50 በመቶ ስለሆነ፣ ፈተናውን ሳታልፍ «ተመርቄአለሁ» ብለህ እንዳትጽፍ። «የ5ኛ ዓመት ተማሪ፤ ምረቃ ሰኔ 2018 የሚጠበቅ» በል። ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) ካልተያዘ የማይመዘግቡ መሥሪያ ቤቶች ስላሉ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብበህ አስገባ።

ግሽ_ዓባይ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡25
የቅጹን ዓምድ አላሰብኩትም ነበር። ተቀብያለሁ።

ዘንዘልማ · ማክሰኞ፣ ቀን 8፡10
ኢንተርንሺፑን «የሥራ ልምድ» በሚለው ርዕስ ሥር ላስገባው?

ሽምብጥ · ማክሰኞ፣ ቀን 8፡40
አታስገቢው፤ «ኢንተርንሺፕ» ብለሽ ለብቻው አስቀምጪው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንደ ሥራ ልምድ የሚቆጥሩት ብዙውን ጊዜ ከምረቃ በኋላ የተሠራውን ነው፤ ከግል ድርጅት ከሆነም የሥራ ግብር መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ኢንተርንሺፕ ሁለቱንም አያሟላም። «4 ወር የሥራ ልምድ» ብለሽ ዜሮ ዓመት ለሚል መደብ ካመለከትሽ ደግሞ ማስረጃ አምጪ ትባያለሽ። ማኅተም ያለበትን የኢንተርንሺፕ ደብዳቤ ግን አያይዢው።

ቀኖቹን ተጠንቀቁ። በእንግሊዝኛው ሲቪ ላይ በእኛ አቆጣጠር «2017» ብቻ ብሎ የጻፈ ልጅ፣ አንባቢው በፈረንጆቹ አስቦት ከብዙ ዓመት በፊት የሠራ ይመስለዋል። ከየካቲት እስከ ሰኔ 2017 የነበረው በፈረንጆቹ ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን 2025 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት። ሙሉውን ሲቪ በአንድ አቆጣጠር ጨርሱ። አማርኛው በዓ.ም.፣ እንግሊዝኛው በፈረንጆቹ።

ስምም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ዲግሪው ላይ፣ ፋይዳው ላይና ሲቪው ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። «ፀ» እና «ቀ» ያለበት ስም ሁለት ሦስት ዓይነት ስለሚጻፍ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። የራስ፣ የአባት፣ የአያት፤ ቅደም ተከተሉም አይለዋወጥ።

በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ለምትሉ፣ ማስታወቂያው በወጣበት ቋንቋ ጻፉ። የአማራ ክልል መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ብዙ ጊዜም የራሳቸውን ቅጽ ያስሞላሉ።

ቀበሌ_14 · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡15
ስለ ምስክሮች ልጨምር። አንዱ አማካሪያችሁ፣ አንዱ የኢንተርንሺፕ ተቆጣጣሪያችሁ ይሁን። ስማቸውን ከመጻፋችሁ በፊት ደውላችሁ አስፈቅዱ፤ ለየትኛው መደብ እንዳመለከታችሁም ንገሯቸው። ቀጣሪው ሲደውል «ማን? አላስታውሰውም» ከተባለ ባይጻፍ ይሻል ነበር።

አባይ_ማዶ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡50
አሁን ፋይሉ። ሁልጊዜ በፒዲኤፍ ላኩ። ዎርድ ከሆነ የእናንተ ኮምፒውተር ላይ አንድ ገጽ የነበረው ሌላ ቦታ ሲከፈት አንድ ገጽ ከሁለት መስመር ይሆናል። አማርኛ ያለበት ከሆነ ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ ፎንቶች አትጻፉ፤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ፊደሉ ሁሉ የማይነበብ ምልክት ይሆናል።

በሳጥን፣ በሠንጠረዥና በሁለት ዓምድ የተሠሩ ውብ አብነቶችን ተዉ። ማመልከቻ በኢንተርኔት የሚቀበሉ ድርጅቶች አንዳንዶቹ ጽሑፉን በሶፍትዌር ያወጡታል፤ ሁለት ዓምድ ሲሆን የግራውና የቀኙ መስመር ይቀላቀላል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ፒዲኤፉን ክፈቱ፣ ሁሉንም ምረጡ፣ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። እዚያ ላይ በቅደም ተከተል ከተነበበ ጥሩ ነው። ስልክ ቁጥራችሁ ከስማችሁ በፊት ወይም ከምስክሮች መካከል ከወጣ አብነቱን ቀይሩ።

ብዙ ሰው የማያየው አንድ ነገር አለ። ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ በሌላ ተማሪ ሲቪ ላይ ስማችሁን አስቀይራችሁ ከሆነ፣ የፋይሉ ንብረት ውስጥ የዚያ ተማሪ ስም ይቀራል። ፒዲኤፉ በብራውዘር ሲከፈት ከላይ ትሩ ላይ የእሱ ስም ሊነበብ ይችላል። ዎርዱ ላይ «ፋይል»፣ ከዚያ «ኢንፎ» ውስጥ ገብታችሁ ርዕሱንና የጸሐፊውን ስም ቀይሩ። የፋይሉ ስም የእናንተ ስምና የመደቡ ስም ይሁን፤ «ሲቪ የመጨረሻ 3» የሚል ፋይል በመቶ ፋይሎች መካከል ማን ያገኘዋል?

ማስረጃዎቹን በ200 ዲፒአይ ስካን አድርጋችሁ በአንድ ፒዲኤፍ አዋህዱ፤ በስልክ ፎቶ አንድ በአንድ አትላኩ። የኢሜይሉ ርዕስ ላይ የመደቡ መጠሪያና የማስታወቂያው ቁጥር ይግባ።

ዲፖ_ሰፈር · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05
አንድ ገጽ ሆነ። የኖትፓዱንም ሙከራ አለፈ። የፕሮጀክቱ መስመር አሁን ይህ ነው፦

«በ4 ሰው ቡድን፦ በሰዓት 5 ቶን (እርጥብ ክብደት) እምቦጭ የሚያጭድና ወደ 2 ሜትር ከፍታ የሚያነሳ ማሽን ዲዛይን። ድርሻዬ፦ ተዳፋት ማጓጓዣውና ለምላጩና ለማጓጓዣው የጋራ የሆነው 2.2ኪሎዋት ሞተር የኃይል ክፍፍል ስሌት፤ ከ14ቱ የማምረቻ ሥዕሎች 6ቱ።»

ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል። ሌላ የምትሉኝ አለ?

ሰባታሚት · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡25
በ«2.2» እና በ«ኪሎዋት» መካከል ክፍተት ተው፤ ሌሎቹ ላይ ትተሃል፣ እዚህ ላይ ተረስቷል። የክፍፍሉን ስሌት አንድ ገጽ አትመህ ለቃለ መጠይቁ ቀን ያዘው፤ ወረቀት ላይ ሠርተህ አሳየን ሊሉህ ይችላሉ።

በአካል የምታስገባ ከሆነ ዓርብን አትጠብቅ፤ ሐሙስ ጠዋት ኮፒውን ከኦሪጅናሉ ጋር ይዘህ ሂድ። የጎደለ ማስረጃ ካለ ለማምጣት ከሰዓት በኋላው ይቀርሃል።

ዲፖ_ሰፈር · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡31
ክፍተቱን አስተካክያለሁ። ሐሙስ ጠዋት 2፡30 እዚያው ነኝ።